የመርማሪው ሽጉጥ በቴሌቪዥን፦ ከ«ድራግኔት» እስከ «ማያሚ ቫይስ» እና ከዚያ ወዲህ

በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀደምት የወንጀል ምርመራ ድራማዎች መርማሪው የሚታጠቀው ሽጉጥ አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል፤ አፈሙዙ ያጠረ፣ ካሊበሩ 38፣ ጥይቶቹ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚደረደሩበት ሪቮልቨር። ይህን ሽጉጥ ደራሲዎች ለጌጥ የመረጡት አልነበረም፤ ሲቪል ለባሽ ፖሊሶች በእርግጥ የሚይዙት እሱን ነበር። ኮልት ኩባንያ በ1927 ያወጣውን ስድስት ጎራሽ «ዲቴክቲቭ ስፔሻል» ብሎ በመርማሪዎቹ ስም ሰይሞታል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተቀናቃኙ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ በ1950 አምስት ጎራሹን «ቺፍስ ስፔሻል» ለገበያ አቀረበ። ሁለቱም ከኮት ሥር ሲታጠቋቸው አያስታውቁም፤ ከጥቂት ሜትሮች ያለፈ ዒላማ መምታት ግን በእነሱ ቀላል አይደለም።

ለካሜራ ሪቮልቨር ሌላ ጥቅምም ነበረው። በቀረጻ ጊዜ የሚተኮሰው አረር አልባ ጥይት ቀለህና ባሩድ እንጂ ወደ ፊት የሚወረወር አረር የለውም። የሪቮልቨር ከበሮ የሚዞረው ምላጩን በሚስበው ጣት ጉልበት ስለሆነ አረር ኖረም አልኖረም ግድ የለውም፤ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ይጮኻል፣ እሳት ይተፋል፣ ቀጣዩን ጥይት ያቀርባል። አውቶማቲክ ሽጉጥ ግን በዚህ አይታለልም። ባዶውን ቀለህ አውጥቶ አዲስ ጥይት የሚጎርሰው አረሩ ሲወረወር በሚፈጠረው ምላሽ ኃይል ነው። አረሩ ከሌለ ጋዙ በአፈሙዙ ሾልኮ ይወጣና ሽጉጡ አንዴ ጮኾ ይቆማል። ስለዚህ የመሣሪያ ባለሙያዎች በርሜሉን ጠባብ ቀዳዳ ባለው ብሎን ከውስጥ ይደፍኑታል፤ ጋዙ ታፍኖ ተንሸራታቹን የላይ ክፍል ወደ ኋላ እንዲገፋው ነው። የቀዳዳው ስፋት፣ የባሩዱ መጠንና የሞላው ጥንካሬ ካልተጣጣሙ ሽጉጡ ትዕይንቱ መካከል ላይ ጥይት ይነክሳል። የትኛው መርማሪ የትኛውን ሽጉጥ ይያዝ በሚለው ጥያቄ ላይ ከድርሰቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰነው ይህ የጓዳ ሥራ ነው።

የዘርፉ አባት የሚባለው «ድራግኔት» በ1949 በሬዲዮ ተጀምሮ በዲሴምበር 1951 ወደ ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ተሻገረ። አዘጋጁም፣ ዳይሬክተሩም፣ ሳጅን ጆ ፍራይደይን ሆኖ የሚጫወተውም ጃክ ዌብ ነበር። ታሪኮቹ ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ መዝገብ የተወሰዱ ሲሆኑ ስሞቹ ብቻ ይቀየሩ ነበር። የፖሊስ መምሪያው ምክርና ትብብር ይሰጣል፤ በምላሹም ሥራውን በቁም ነገር የሚያሳይ ፕሮግራም ያገኛል። በዚህ ድራማ ፍራይደይ ሽጉጡን እምብዛም አይመዝም። ቀኑን የሚያሳልፈው በር በማንኳኳት፣ ምስክር በማነጋገርና ሪፖርት በመጻፍ ነው። ተኩስ ሲመጣም አጭር ነው፤ ከተኩሱ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ግን ይረዝማል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በዲሴምበር 1952፣ ለገና ሰሞን የቀረበው ክፍል ነው። ርዕሱ «ለገና የተሰጠው ባለ 22 ጠመንጃ» እንደ ማለት ነው። አንድ ትንሽ ልጅ ከበዓሉ ቀደም ብሎ ይጠፋል፤ ጎረቤት የሆነ ጓደኛውም የለም። ወላጆቹ ሲፈትሹ ለልጃቸው ገዝተው ጠቅልለው ያስቀመጡት ጠመንጃ ከስጦታዎቹ መካከል ታጥቷል። ልጁ የበዓሉን ቀን መጠበቅ አቅቶት ከፍቶታል። መርማሪዎቹ የሚደርሱበት እውነት የወንጀል አይደለም፤ በጨዋታ መሀል የባረቀች አንዲት ጥይት ናት። የሟቹ አባት ለልጁ የተገዙትን ስጦታዎች ለዚያው ለተረፈው ጓደኛው ይሰጣል። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ለቤተሰብ የበዓል ማታ እንዲህ ያለ ታሪክ ማቅረቡ ብዙ ተመልካች አስቆጥቷል፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበርም ተቃውሞውን በጽሑፍ ገለጸ። ዌብ ደብዳቤዎቹን ለሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ ለዊሊያም ፓርከር አስተላለፋቸው። የፓርከር መልስ ለሕፃናት ጠመንጃ መስጠት ሞኝነት መሆኑን የሚያሳዩ ተመሳሳይ ክፍሎች ገና ይጨመራሉ የሚል ሆነ።

«ድራግኔት» በ1967 በቀለም ሲመለስ የተኩስ ምርመራ ቦርድን የሚመለከት አንድ ክፍል ሠራ። ፍራይደይ ማታ ሲጋራ ሊገዛ ልብስ ማጠቢያ ቤት ይገባና የሳንቲም ማሽን የሚሰብር ሌባ ያጋጥመዋል። ሌባው ይተኩሳል፤ ፍራይደይም ይመልሳል፤ ሰውየው ይሞታል። ችግሩ ሌባው መተኮሱን የሚያስረዳው አረር ከቦታው አለመገኘቱ ነው። የክፍሉ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በዚያች በጠፋች አረር ላይ ነው፤ ተሰንቅራ ከቀረችበት እስክትገኝ ድረስ የመርማሪው ሥራና ስም በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ከዚያ በኋላ በመጡት ድራማዎች መርማሪዎች በየሳምንቱ ሰው ሲጥሉ ቦርድ ፊት የሚቀርብ ያለ አይመስልም ነበር፤ በዚህ በኩል ግትሩ «ድራግኔት» ከብዙዎቹ ወጣት ተተኪዎቹ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው።

የ1970ዎቹ መግቢያ ለሽጉጥ ሁለት ተቃራኒ መንገዶችን ከፈተ። በ1971 ሲኒማ ቤቶች «ደርቲ ሃሪ»ን አሳዩ። ክሊንት ኢስትዉድ በእጁ የያዘው ባለ 44 ማግነም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 29 ከተዋናዩ እኩል ዝና አገኘ፤ ገበያው ላይም ተፈላጊነቱ ናረ። በዚያው ዓመት ግን ኤንቢሲ «ኮሎምቦ»ን በተከታታይ ማቅረብ ጀመረ፤ ፒተር ፎክ የሚጫወተው ይህ ሌተናንት ጨርሶ ሽጉጥ አይታጠቅም። በ1975 የቀረበው «ፎርጎትን ሌዲ» የተባለው ክፍል ነገሩን ወደ ቀልድ ለውጦታል። መምሪያው እያንዳንዱ መኮንን በየስድስት ወሩ የተኩስ ፈተና እንዲወስድ ያዝዛል፤ ኮሎምቦ ግን ተኩስ ሜዳ ከረገጠ አሥር ዓመት አልፎታል። የውስጥ ቁጥጥሩ ሰው ሲያሳድደው ቆይቶ በመጨረሻ ኮሎምቦ በእሱ ስም የሚፈተንለት የሥራ ባልደረባ ይፈልጋል።

ይኸው ሽጉጥ የማይነካ መርማሪ በ1976 በቀረበው «ፌድ ኢን ቱ መርደር» ከቀረጻ ሽጉጥ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ገዳዩ በቴሌቪዥን መርማሪ ሆኖ የሚጫወት ታዋቂ ተዋናይ ነው፤ ይህን ሚና የያዘው ዊሊያም ሻትነር ነበር። ተዋናዩ ከስቱዲዮው ዕቃ ክፍል ሽጉጥ ወስዶ እውነተኛ ጥይት አጉርሶ አዘጋጇን ይገድላል፤ ከዚያ ሽጉጡን ጠርጎ አረር አልባዎቹን ጥይቶች መልሶ ይከትባቸዋል። ኮሎምቦ የሚይዘው በሽጉጡ እጀታ ላይ ባለ አሻራ አይደለም። ሰውየው ብረቱን ሲወለውል ከበሮው ውስጥ የመለሳቸውን ጥይቶች መጥረግ ረስቷል። በአንድ ክፍል ውስጥ የቀረጻ ዕቃ፣ የእውነት መሣሪያና የወንጀል ማስረጃ አንድ ሆነው የተገኙበት ይህ ታሪክ፣ ከዘርፉ ሁሉ ስለ ራሱ ሥራ በደንብ ያሰበው ሳይሆን አይቀርም።

ከኮሎምቦ ጎን «ዘ ሮክፎርድ ፋይልስ» (1974–1980) አለ። የግል መርማሪው ጂም ሮክፎርድ ሽጉጡን የሚያስቀምጠው በብስኩት ማሰሮ ውስጥ ነው፤ ፈቃድ የለውም፤ ከመታኮስ መሸሽን ይመርጣል። በሌላው ጫፍ ያሉት «ስታርስኪ ኤንድ ኸች» (1975–1979) ናቸው። ኸች ባለ ስድስት ኢንች ኮልት ፓይተን ይይዛል፤ በ1955 የወጣ፣ ባለ 357 ማግነም፣ ለሲቪል ለባሽ ፖሊስ ከሚገባው በላይ ረጅምና ከባድ ሪቮልቨር ነው። ስታርስኪ ደግሞ ባለ 9 ሚሊሜትር ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 59 ያዘ፤ ካዝናው 14 ጥይት ይይዛል። ተመልካች ሁለቱን ጓደኛሞች በመሣሪያቸው እንዲለያቸው ተደርጓል፤ አንዱ ረጋ ያለ፣ አንዱ ቀልጣፋ። ሽጉጥ የጠባይ መግለጫ መሆን የጀመረው እዚህ ነው።

በ1980 ሲቢኤስ ላይ የጀመረው «ማግነም ፒ.አይ.» የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን የሆነውን መርማሪ በአሜሪካ ጦር መለያ በሆነው ኮልት 45 አስታጠቀው። ችግሩ ያ የአረር አልባ ጥይት ጉዳይ ነበር። የ45 ካሊበር አረር አልባ ጥይት አውቶማቲኩን በደንብ አያሠራም፤ የ9 ሚሊሜትሩ ግን ያሠራል። ስለዚህ ፊልም ሠሪዎች ከዚያ በፊትም ኮልት ሲያስፈልጋቸው መልኩ እሱን የሚመስለውን የስፔኑን ስታር ሞዴል ቢ ያቀርቡ ነበር፤ በኢትዮጵያ «ስታር ሽጉጥ» ተብሎ የሚታወቀው የዚያው ፋብሪካ ሥራ ነው። ማግነም 45 ነው ተብሎ የያዘውም በእርግጥ 9 ሚሊሜትር ነበር።

የሚቀጥለው ምዕራፍ መነሻው እውነተኛ ተኩስ ነው። ጁላይ 11 ቀን 1979 ማያሚ አጠገብ በሚገኘው በዴድላንድ የገበያ ማዕከል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ታጣቂዎች ወደ አንድ የመጠጥ መሸጫ ሱቅ ገብተው ሁለት ሰዎችን ገደሉ። ጥለውት በሸሹት የዕቃ ማመላለሻ በሚመስል መኪና ውስጥ ፖሊስ ያገኘው የጦር መሣሪያ ክምችት የኮኬይን ነጋዴዎቹ ጦርነት ምን ደረጃ እንደደረሰ አሳየ። በ1981 በዴድ ካውንቲ የተገደለው ሰው ከ600 አለፈ፤ ታይም መጽሔትም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ደቡብ ፍሎሪዳን «የጠፋች ገነት?» በሚል ጥያቄ የፊት ገጹ ርዕስ አደረጋት። የ«ማያሚ ቫይስ» ፈጣሪ አንቶኒ የርኮቪች ድራማውን የነደፈው በዚህ ዳራ ላይ ነው። ዋና አዘጋጅ የሆነው ማይክል ማን ደግሞ ለመሣሪያ አያያዝ ልዩ ዓይን ያለው ሰው ነበር። በ1981 የወጣውን «ቲፍ» የተባለ ፊልሙን ሲሠራ ዋናውን ተዋናይ ጄምስ ካንን በአሪዞና በሚገኘው በጄፍ ኩፐር የተኩስ ትምህርት ቤት አሠልጥኖታል።

ኩፐር ለዚህ ታሪክ ቁልፍ ሰው ነው። የቀድሞ የባሕር ኃይል እግረኛ መኮንን የነበረው ይህ አሠልጣኝ ሽጉጥን በአንድ እጅ ከወገብ ሥር መተኮስን ትቶ በሁለት እጅ፣ በዓይን ደረጃ፣ ዒላማ አይቶ መተኮስን ያስፋፋ ነው። አቋቋሙ ራሱ ጃክ ዊቨር ከተባለ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ፖሊስ የተወሰደ ነበር። የ1950ዎቹን መርማሪዎች ተኩስ ያየ ሰው ጎንበስ ብለው በአንድ እጅ ሲተኩሱ ያስታውሳል፤ ከ«ማያሚ ቫይስ» በኋላ እንደዚያ የሚተኩስ የቴሌቪዥን ፖሊስ ማግኘት ይቸግራል። ኩፐር የአዲስ ሽጉጥ ሐሳብም ነበረው፤ የ10 ሚሊሜትር ጥይት፣ ከ45ቱ ፈጣን፣ ከ9 ሚሊሜትሩ ኃይለኛ። በካሊፎርኒያ ሀንቲንግተን ቢች ቶማስ ዶርናውስና ማይክል ዲክሰን የቼኮስሎቫኪያውን ሲዜድ 75 መሠረት አድርገው «ብሬን ቴን» የተባለውን ሽጉጥ ሠሩ፤ ጥይቱን የስዊድኑ ኖርማ ኩባንያ አመረተ። ጊዜው 1983 ነበር።

«ማያሚ ቫይስ» ሴፕቴምበር 16 ቀን 1984 ኤንቢሲ ላይ ሲጀምር ዶን ጆንሰን የሚጫወተው ሶኒ ክሮኬት በመጀመሪያው ክፍል የያዘው ሲግ ሳወር ፒ220 ነበር። ከዚያ ወዲህ ብሬን ቴን ተተካለት፤ ሁለት ምዕራፍም ያዘው። ኩባንያው ሽጉጦቹን ራሱ አቀረበ። ግን የ10 ሚሊሜትር አረር አልባ ጥይት በገበያ ላይ ስላልነበረ የቀረጻዎቹ ሽጉጦች ለ45 ካሊበር ተዘጋጁ። ድራማው አብዛኛውን ትዕይንት በማታ፣ በኒዮን ብርሃን ስለሚቀርጽ ደግሞ የላይኛው ክፍላቸው ክሮም ተለበጠ፤ ጥቁር ብረት በጨለማ አይታይም። ሽጉጡ የሚያብለጨልጭበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ተመልካቹ ግን የክሮኬት ድፍረት ምልክት አድርጎ ተቀበለው።

ልብሱም የራሱን ጥያቄ አመጣ። ክሮኬት በፍሎሪዳ ሙቀት ቲሸርት ላይ ስስ የጣልያን ጃኬት ደርቦ ይሄዳል፤ በወገብ የታጠቀ ሽጉጥ ቅርጹን ያበላሸዋል። ስለዚህ በብብት ሥር በአግድም የሚንጠለጠል የቆዳ ማኅደር ተመረጠለት። ከቺካጎ ተነስቶ አሪዞና የሰፈረው ጋልኮ የተባለ የቆዳ ሥራ ድርጅት ይህን ዓይነቱን ማኅደር ዛሬም «ማያሚ ክላሲክ» በሚል ስም ይሸጣል። በቁርጭምጭሚቱ ላይ ዴቶኒክስ የተባለች ትንሽ ሽጉጥ አለችው። ከኒው ዮርክ የመጣው ጓደኛው ታብስ፣ ፊሊፕ ማይክል ቶማስ የሚጫወተው፣ ከኪስ ሲመዘዝ እንዳይጠለፍ መቺው የተሸፈነ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቦዲጋርድ ሪቮልቨር ይይዛል፤ ነገር ሲከፋም አጭር ሾትጋን ከኮቱ ያወጣል። በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው የከተማ ልዩነት፣ አሮጌው ኒው ዮርክና አዲሱ ማያሚ፣ በመሣሪያቸው ተነግሯል።

ተኩሱን በሚያውቁ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚወሳው ግን የጀግኖቹ አይደለም። ኦክቶበር 19 ቀን 1984 በቀረበው ክፍል አርጀንቲናዊ ነው የተባለ ቅጥር ገዳይ ይመጣል። ይህን ሚና የያዘው ጂም ዙቢዬና በሙያው የውድድር ተኳሽ ነበር። ሽጉጥ የደገነበት ጠባቂ ፊት ምንም የማያውቅ መስሎ እጁን ያነሳል፤ በድንገት የሰውየውን መሣሪያ ወደ ጎን ገፍቶ ከጃኬቱ ሥር የራሱን 45 ይመዝዛል። ሁለት ጥይት ደረት ላይ፣ አንድ ጭንቅላት ላይ። ፍጥነቱ የካሜራ ዘዴ አልነበረም፤ የሰውየው እጅ ነው። ኩፐር ይህን የሦስት ጥይት ስልት በሞዛምቢክ ከተዋጋ ቅጥር ወታደር ሰምቶ በአገሩ ስም ሰይሞት ያስተምር ነበር። ከቴሌቪዥን መንደር ወደ ተኩስ ሜዳ ብዙ ነገር ሄዷል፤ ይህ ግን በተቃራኒው ከተኩስ ሜዳ ወደ ቴሌቪዥን የመጣ ነው።

ይህ ክፍል ለእይታ በበቃበት ዋዜማ የቴሌቪዥን መንደር ሐዘን ላይ ነበር። በሲቢኤሱ «ከቨር አፕ» ድራማ ላይ የሚሠራው የ26 ዓመቱ ጆን-ኤሪክ ሄክሰም ኦክቶበር 12 ቀን የቀረጻ መዘግየት ሰልችቶት በአረር አልባ ጥይት የተጫነ ባለ 44 ማግነም ሪቮልቨር በጨዋታ ጆሮ ግንዱ ላይ ደግኖ ምላጩን ሳበ። አረር ባይኖርም በቅርብ የወጣው ጋዝና ውታፍ የራስ ቅሉን ሰብሮ ስባሪውን ወደ ውስጥ ገፋው። ከስድስት ቀን በኋላ ሞቱ ተነገረ። አረር አልባ ማለት ጉዳት አልባ ማለት እንዳልሆነ የመሣሪያ ባለሙያዎች ያውቁ ነበር፤ ተዋንያኑ ግን ሁሉም አያውቁም ነበር።

ብሬን ቴን በዚህ ጊዜ በየሳምንቱ በሚሊዮኖች ይታያል፤ ሱቅ ውስጥ ግን አይገኝም። ፍላጎቱ ከማምረት አቅሙ እጅግ ላቀ። ኩባንያው ገንዘብ የተቀበለባቸውን ሽጉጦች በወቅቱ ማድረስ አቃተው፤ የካዝና አቅርቦት ስለተቋረጠም ብዙዎቹ ሽጉጦች ያለ ካዝና ተላኩ። ካዝና የሌለው አውቶማቲክ ሽጉጥ በየጊዜው በአንድ ጥይት ከማጉረስ በቀር አይረባም። በ1986 ኩባንያው ከሰረ፤ እስከዚያ የተመረቱት 1,500 ገደማ ብቻ ነበሩ። ዝና ብቻውን ፋብሪካ እንደማያቆም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በጦር መሣሪያ ንግድ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

የኩባንያው መክሰር ድራማውንም ነካ። በሴፕቴምበር 1986 ሦስተኛው ምዕራፍ ሲከፈት ክሮኬት ከማይዝግ ብረት የተሠራ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 645 ይዞ ታየ፤ እንደ ቀዳሚው የሚያብለጨልጭ፣ በእርግጥም 45 የሆነ። በዚያው ክፍል ጥቁሩ መኪናው በሚሳይል ተቃጠለ። ፌራሪ ዴይቶና ተብሎ ሁለት ዓመት የተነዳው ያ መኪና በእውነቱ የአሜሪካ ኮርቬት ላይ የተገጠመ አካል ነበር፤ እውነተኛው ፌራሪ ኩባንያ አስመሳዮቹን ከሰሰና ለድራማው እውነተኛ ቴስታሮሳዎችን ሰጠ። 45 ሆኖ 10 ሚሊሜትር የሚባል ሽጉጥና ኮርቬት ሆኖ ፌራሪ የሚባል መኪና በአንድ ሰሞን ተሰናበቱ። ክሮኬት በመጨረሻው ምዕራፍ የ645 ታናሽ የሆነውን 4506 ይዞ በ1989 ድራማው አበቃ።

በዚያች ከተማ የሆነው እውነተኛ ተኩስ ግን የፖሊስን መሣሪያ ከድራማው ይልቅ ለወጠው። ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ስምንት የኤፍቢአይ ወኪሎች ከማያሚ ወጣ ብሎ ሁለት የባንክ ዘራፊዎችን አስቆሙ። ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁለት ወኪሎች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ፤ ዘራፊዎቹም ሞቱ። አንደኛው ዘራፊ ገና በመጀመሪያው ላይ በ9 ሚሊሜትር አረር ተመቶ ነበር፤ አረሩ ግን ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመና ሰውየው በሩገር ጠመንጃው መተኮሱን ቀጠለ። ኤፍቢአይ ከረጅም ሙከራ በኋላ በ1990 የ10 ሚሊሜትር ሽጉጥ መረጠ፤ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን 1076። ማያሚ ውስጥ የክሮኬት ነው የተባለው ካሊበር በመንግሥት እጅ የገባው ድራማው ካበቃ በኋላ መሆኑ ነው። ሽጉጡ ለብዙ ወኪሎች ትልቅ፣ ጥይቱም አስቸጋሪ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የ10 ሚሊሜትሩ ቀለህ አጥሮ 40 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለ ጥይት ወጣና የአሜሪካን ፖሊስ ማኅደር ለሃያ ዓመት ገደማ ተቆጣጠረ። ኤንቢሲ ስለዚያ ተኩስ በ1988 የቴሌቪዥን ፊልም ሠርቷል፤ ከዘራፊዎቹ አንዱን የተጫወተው ኸች የነበረው ዴቪድ ሶል ነው።

1990ዎቹ ወደ መርማሪው እውነተኛ ማኅደር መመለሻ ሆኑ። የኒው ዮርክ ፖሊስ በ1993 ለሁሉም መኮንኖቹ 9 ሚሊሜትር አውቶማቲክ ፈቀደ፤ ነባሮቹ ግን ሪቮልቨራቸውን ማቆየት ይችሉ ነበር። በ«ሎው ኤንድ ኦርደር» ይህ ልዩነት ያለ አንዳች ንግግር ይታያል፤ በጄሪ ኦርባክ የተጫወተው አንጋፋው ሌኒ ብሪስኮ እስከ 2004 ድረስ አጭሯን 38 ይዞ ይዘልቃል፣ ወጣቱ ባልደረባው ግሎክ ይዟል። ከተማዋ የመጨረሻዎቹን ሪቮልቨሮች ከአገልግሎት ያወጣችው በ2018 ነው። በ2000 የጀመረው «ሲኤስአይ» ሽጉጡን ከመርማሪው ወገብ ወደ ቤተ ሙከራ አዛወረው። መሣሪያው ውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይተኮሳል፤ ከውኃው የወጣው አረር ከሟቹ ገላ ከወጣው ጋር በጥንድ ማይክሮስኮፕ ሥር ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ የበርሜሉ ውስጠኛ ጠመዝማዛ ጎድጎዶች የተዉት ጭረት ከገጠመ ነገሩ አለቀ። በእውነተኛ ቤተ ሙከራ ይህ ሥራ ሰዓታትን የሚወስድና የባለሙያ ፍርድ የሚጠይቅ ነው፤ በድራማው ግን በአንድ ዘፈን ውስጥ ያልቃል።

አረር አልባው ጥይት ራሱ በዚህ መሀል ተቀናቃኝ አገኘ። በ1993 «ዘ ክሮው» የተባለው ፊልም ሲቀረጽ ብራንደን ሊ በቀረጻ ሪቮልቨር ተመቶ ሞተ። ከበርሜሉ ውስጥ ሳይታወቅ ተሰንቅራ የቀረችን አረር፣ በኋላ የተተኮሰ አረር አልባ ጥይት ገፍቶ አወጣት። ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩ ጠበቀ፤ የኮምፒውተር ሥራ ሲረክስ ደግሞ የአፈሙዝ እሳትን ከቀረጻ በኋላ መጨመር የሚቻል ሆነ። ኦክቶበር 21 ቀን 2021 በኒው ሜክሲኮ «ረስት» ፊልም ቀረጻ ላይ የካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሀቺንስ በእውነተኛ ጥይት ተገደለች። በማግስቱ የኤቢሲው የፖሊስ ድራማ «ዘ ሩኪ» ዋና አዘጋጅ አሌክሲ ሃውሊ ለባልደረቦቹ በላከው ማስታወሻ ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀረጻው ላይ እውነተኛ መሣሪያ እንደማይኖር አስታወቀ፤ በአየር ግፊት የፕላስቲክ ፍሬ የሚተኩሱ ኤርሶፍት ሽጉጦች ብቻ፣ እሳቱ በኮምፒውተር።

ይህ ለተዋናዩ አዲስ ሥራ ጨመረበት። አረር አልባ ጥይት ቢያንስ ሽጉጡን በእጅ ላይ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጆሮ ይመታል፣ ዓይንን ያርገበግባል፤ ኤርሶፍት ላይ ግን ያ ሁሉ በተዋናዩ መፈጠር አለበት፤ ጊዜውም በኋላ ከሚጨመረው ብልጭታ ጋር እስከ ቅጽበት ድረስ መግጠም አለበት። ካሊፎርኒያ በ2023 ባወጣችው ሕግ ለፊልምና ቴሌቪዥን ቀረጻ በመሣሪያ ላይ የሠለጠነ ኃላፊ እንዲኖር አስገድዳለች፤ እውነተኛ ጥይትንም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከቀረጻ ቦታ ከልክላለች። አረር አልባ ጥይት ግን አልተከለከለም፤ የቅርብ ምስል ሲያስፈልግ አሁንም የሚመርጡት ዳይሬክተሮች አሉ።